«አሪፍ ነው» ብሎ ከማለፍ፦ የጀማሪ ፎቶ ላይ እንዴት አስተያየት እንስጥ፣ እንዴትስ እንቀበል

ከዓመታት በፊት ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ አንድ ከበሮ የሚመታ የሰንበት ተማሪ አንስቼ ነበር። ልጁ ፈገግ ብሏል፣ ከኋላው ሰው በሰው ነው፣ እኔ ራሴ አይቼ አይቼ ያልጠገብኩት ፎቶ። ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት፣ አርባ ምናምን ሰው እሳት ኢሞጂ ደረደረልኝ፣ «እጅህ ይባረክ»፣ «ፕሮ ሆነሃል እኮ»፣ በቃ ልቤ አበጠ። ከወራት በኋላ ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ ቤት መጡና አሳየኋቸው። መነፅራቸውን አድርገው ዝም ብለው አዩት አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ልጅ አናቱ ላይ የመብራት እንጨት ለምን በቀለበት?» አሉኝ። እውነትም ፖሉ ቀጥ ብሎ ከልጁ ጭንቅላት ወጥቷል! ያ ሁሉ ሰው አይቶት አንድም የነገረኝ የለም። ጋሼ ቀጠሉና «ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብትል እንጨቱ ከትከሻው ውጪ ይሆን ነበር» አሉ፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ አለቀ። እኔ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ከሰው ጀርባ ምን እንዳለ ሳላይ ተጭኜ አላውቅም።

አስተያየት ማለት ለኔ ይሄ ነው። ጀማሪው ነገ ካሜራውን ይዞ ሲወጣ እግሩን የት እንደሚያቆም ካልነገረው ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው።

እኛ ጋ ግን ችግሩ ሁለት ነው፣ አንዱ ይሉኝታ ነው። ፎቶው ደብዝዞም ተጣምሞም እያየን «አሪፍ ነው» ብለን እናልፋለን፣ ቅር እንዳይለው ብለን ነው፣ ግን ሰውየው ያንኑ ስህተት ሦስት ዓመት ይደግመዋል። ሌላው ሙድ መያዝ ነው፣ «በምንድነው ያነሳኸው፣ በካልኩሌተር?» ዓይነት፣ ሰው ይስቃል ልጁ ኩም ይላል ፎቶውን ያጠፋል ከዛ በኋላ አይልክም። ሦስተኛም አለ ለካ፣ «ልጅቷ ታምራለች» የሚባለው። ይሄ ለልጅቷ የተሰጠ ነው እንጂ ላነሳው ሰው የተሰጠ አይደለም፣ አንሺዋ ሴት ስትሆን ደግሞ ይብሳል፣ ፎቶዋን ትታችሁ ፕሮፋይሏ ላይ አስተያየት የምትሰጡ ሰዎች እባካችሁ።

ከመናገራችሁ በፊት

መጀመሪያ ስልካችሁን አስተካክሉ፣ የምሬን ነው። ብራይትነስ ሩብ ላይ አድርጎ ታክሲ ውስጥ ፀሐይ እየመታው አይቶ «ጨልሟል» የሚል ሰው ስንቱ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ዓይን እንዳይጎዳ ተብሎ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው ነገር በርቶ ይቀርና «ቢጫ በዝቶበታል» ይባላል፣ ቢጫው ያለው እኮ ስክሪኑ ላይ ነው። አጥፉት፣ ብራይትነሱን ከፍ አድርጉ፣ ፎቶውን ሙሉ ስክሪን ክፈቱት፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እዩት። አንድ ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች ግን ሞክሯት፣ ለአንድ ፎቶ በጣም ረጅም ናት።

ከዛ ምን ፈልጎ እንዳነሳው ካልጻፈ ጠይቁት። ይሄ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ሳይጠይቁ የሚሰጥ አስተያየት ብዙ ጊዜ ይስታል። ለምሳሌ አንድ ሰው እስክስታ የምትመታ ልጅ አንስቶ ትከሻዋ ድብዝዝ ብሏል እንበል። እንቅስቃሴው እንዲታይ ብሎ ሆን ብሎ ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/15 ሰከንድ ላይ አውርዶ ከሆነ «ፊቷ ግን አብሮ ደብዝዟል፣ ፊቷ ረጋ ያለችበትን ቅፅበት እስክታገኝ ደጋግመህ ተኩስ» ትሉታላችሁ። ትከሻዋን ፍሪዝ ማድረግ ፈልጎ አዳራሹ ጨልሞበት ካሜራው በራሱ 1/60 ላይ ወርዶ ከሆነ ግን መልሱ ሌላ ነው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የመያዝ አቅሙን) ከፍ አድርግና ሹተሩን 1/500 አካባቢ አድርሰው፣ ፎቶው ትንሽ ቅንጣት ቅንጣት ቢልም ግድ የለም ትሉታላችሁ። ፎቶው አንድ ዓይነት ነው፣ ምክሩ ግን ተቃራኒ ነው።

ምን ልበል?

ብዙ ሰው «እኔ ስለ ፎቶ አላውቅም» ብሎ ዝም ይላል። ማወቅ አይጠበቅባችሁም! ዓይናችሁ መጀመሪያ የት እንደሄደ ንገሩት፣ በቃ። «መጀመሪያ ያየሁት ጀበናውን ሳይሆን ከኋላ ያለውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ ነው» ማለት ለማንም የሚቻል ነው፣ ለአንሺው ደግሞ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ሲያነሳ ጀበናውን ብቻ ነው ያየው፣ ባልዲው እዛ እንደነበረ እንኳን አያስታውስም። ሰው የሚወደውን ነገር ሲያይ ዙሪያውን አያይም፣ ካሜራ ደግሞ ሁሉንም እኩል ያያል።

የተሰማችሁንም ተናገሩ። አንዴ የእህቴን ልጅ ግቢ ውስጥ አንስቼ ለእናቴ ላኩላት። እማዬ ስለ ካሜራ የምታውቀው ነገር የለም፣ ደውላ ያለችኝ «ልጅቷን ማን አስቀየማት?» ነው። እኔ ደነገጥኩ፣ ልጅቷ እየሳቀች ነበር እኮ። ፎቶውን መልሼ ሳየው ለካ ያነሳሁት ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ አናት ላይ፣ ግንባሯና አፍንጫዋ ያበራል፣ ዓይኖቿ ያሉበት ጉድጓድ ግን ጥቁር ጥላ ሆኗል፣ ዓይን የማይታይበት ፊት ደግሞ የተቆጣ ይመስላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ያለችው፣ ስለዚህ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አብዛኛውን ዓመት ቀጥ ብላ ከላይ ነው የምትወርደው፣ ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሜዳ ላይ የሚነሳ ፊት ሁሉ እንደዚህ ነው የሚሆነው። መፍትሔው ወይ ጥላ ውስጥ ማስገባት፣ በረንዳ ወይ የበር አፍ ጥሩ ነው፣ ወይ ጠዋት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ማንሳት ነው። እናቴ ይሄን ሁሉ አላለችም። እሷ ስሜቱን ነገረችኝ፣ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የኔ ሥራ ነበር። እንደኔ እንደኔ ካገኘኋቸው አስተያየቶች ሁሉ አንደኛ እሷ ናት።

ቴክኒክ የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ስሙን ሳይሆን የሚደረገውን ንገሩት። «ኮምፖዚሽኑ ደከም ይላል» ማለት ምን ማለት ነው? ልጁ ምን ያድርግ? «በርከክ ብለህ በልጁ ዓይን ልክ ብታነሳው» በሉት። «ባክግራውንዱ ይረብሻል» ሳይሆን «ከግድግዳው ሁለት ሜትር ብታርቃት»። «ፊቱ ዲስቶርት አድርጓል» ሳይሆን «ስልኩን አፍንጫው ድረስ ስላስጠጋኸው ነው አፍንጫው የተለቀው፣ ራቅ በልና 2x አድርገህ አንሳው»። ሐይቅ ዳር የተነሳ ከሆነ ውሃው ወደ አንድ ጎን ሊፈስ እንዳለ ዘምሞ እንደሆነ እዩ፣ የሐዋሳ ፎቶዎች ግማሹ ውሃቸው ሊደፋ ነው የሚመስለው፣ ይሄ በአስር ሰከንድ ኤዲት ይስተካከላል።

ቡና ሲፈላ የሚያነሳ ሰው በጣም ስለሚበዛ ይሄን ልጨምር፣ «የእጣኑ ጢስ አልታየም» ብላችሁ አትተዉት። ጢስ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ወይ ከጎኑ መጥቶ ከጀርባው ጨለማ ሲኖር ነው፣ አንሺው ግን መስኮቱን ከራሱ ጀርባ አድርጎ ነጭ ግድግዳ ላይ አንስቶት ነው የጠፋበት። እሱ ወዲያ ማዶ ይዙር፣ መስኮቱ ከጎን ይሁን፣ ከጢሱ ጀርባ ጥቁር ጋቢም ሆነ ጨለማ ኮሪደር ይግባ፣ ያኔ ጢሱ ራሱ ይመጣል።

የፊት መጥቆር ነገር

ይሄን ለብቻው አወጣሁት ምክንያቱም በጣም ተደጋግሞ የሚመጣ ነው፣ «ፊቱ ጠቆረ» ይባላል፣ አንሺው ደግሞ የቀለም ጉዳይ የተነሳበት እየመሰለው ይናደዳል። ነገሩ ካሜራው ጋ ነው ያለው። ካሜራ ፍሬሙን በሙሉ አማክሎ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ነው የሚሞክረው። ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው «ኧረ በጣም በራ» ይልና ያጨልመዋል፣ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ለአንሺው የሚነገረው «ፊቱን ስክሪኑ ላይ ነካ አድርግና የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ግፋት» ነው፣ ካሜራ ከሆነ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶውን የሚያበራና የሚያጨልመውን ማስተካከያ) +1 አካባቢ። ነጠላው እንዳይቃጠል ከፈራ ደግሞ ወደ ጥላ ይግባ፣ እዛ የነጠላውና የፊቱ ልዩነት ይቀንሳል።

ታሪኩም ለኛ አያደላም ነበር። በፊልሙ ዘመን ላብራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት የኮዳክ «ሸርሊ ካርድ» የሚባል ነገር ነበር፣ ካርዱ ላይ ለረጅም ጊዜ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፣ የእሷ ቆዳ ካማረ ፎቶው ልክ ነው ማለት ነው። ቡናማ ቀለም በደንብ እንዲወጣ መጀመሪያ ጉትጎታ ካደረጉት መሀል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ መባሉ ያስቃልም ያበሳጫልም። ጉግል ራሱ ጥቁር ቆዳን በትክክል ለማሳየት ብሎ «ሪል ቶን» ያለውን ፒክስል 6 ስልኩ ላይ ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፣ ማለትም ትላንትና። እና አንድ ጀማሪ የአያቱ ፊት ጠቁሮ ሲመጣ ገገማ ስለሆነ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ ፊቱን እስኪያፈዝዝ የሚያነጣ ፊልተር አለ። እዛ ላይ ይሉኝታ አይያዛችሁ፣ «የሰውየው ቆዳ ይሄ አይደለም» በሉ።

አንድ በአንድ

ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፣ አስተያየት ግን ሲያንቅ አይሆንም። ፎቶው ላይ ዘጠኝ ስህተት ቢኖር ትልቁን አንዱን ንገሩት፣ ቢበዛ ሁለት። የቀረውን በሚቀጥለው ፎቶ ታገኙታላችሁ፣ የትም አይሄድም።

ያንን አንዱን ስትመርጡ በልባችሁ ለዩት። አሁኑኑ ኤዲት ላይ የሚስተካከል አለ፣ ክሮፕ፣ መዝመም፣ ትንሽ ማብራት። ድጋሚ ካልተነሳ የማይስተካከል አለ፣ የፖሉ ነገር፣ ፎከስ የሳተ ዓይን፣ ጥላ። እና የእናንተ ምርጫ ብቻ የሆነ አለ፣ «እኔ ብሆን ጥቁርና ነጭ አደርገው ነበር»። ይሄ ሦስተኛው ሲሆን ምርጫ መሆኑን ተናገሩ፣ ሕግ አታስመስሉት። እዚህ ጋ የሚያደናግር ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ጥምቀት ላይ ቀይ ጃንጥላ ስር ያሉ ቄስ ፊታቸው ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ፀሐዩ በጃንጥላው ጨርቅ አልፎ ስለሚመጣ ነው። ጀማሪው ዋይት ባላንስ (የፎቶውን የቀለም ሚዛን) ነካክቶ ሊያጠፋው ሲል ውጪ ያለው ነጠላ ሁሉ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይሄድበታል። እኔ ሁሌ «ተወው፣ የበዓሉ ብርሃን ነው» እላለሁ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ፊቱን ብቻ መርጦ ካላስተካከለ እንቅልፍ አይወስደውም። ሁለታችንም ልክ ነን፣ ልጁ ይምረጥ።

«ግን» የምትባለዋን ቃል ደግሞ ተጠንቀቁ። «በጣም ያምራል፣ ከለሩ ቆንጆ ነው፣ ግን…» ስትሉ ከ«ግን» በፊት ያለው በሙሉ ይሰረዛል፣ ሰው ጆሮው ላይ የሚቀረው ከኋላ ያለው ነው። አመስግናችሁ ወግታችሁ አመስግናችሁ የምትዘጉበት ዘዴ እኛ ጋ ብዙም አይሠራም፣ ሀበሻ ነን፣ ሰም ለበስ ነገር ስንፈታ ነው ያደግነው፣ ገና «በጣም ያምራል» ስትሉ ሊመጣ ያለው ይገባናል። ይልቅ የሠራውን ነገር ስትናገሩ ከነቦታው ተናገሩ፣ «እጇ ላይ የወደቀው ብርሃን» በሉ፣ ያኔ ውዳሴ ሳይሆን መረጃ ይሆናል፣ ልጁም ይደግመዋል።

የሰው ፎቶ አውርዶ ኤዲት አድርጎ መልሶ መለጠፍ… ሳይጠይቁ አይደረግም። «ክሮፕ አድርጌ ላሳይህ?» በሉ። ስክሪንሾት ላይ በጣት ቀይ መስመር ማስመር ግን እጅግ ይጠቅማል፣ አሥር ዓረፍተ ነገር ይተካል። ስህተቱ የሚያሳፍር ዓይነት ከሆነ ውስጥ መስመር ላኩለት፣ ሕዝብ ፊት አይሁን። አንሺው በዕድሜ የሚበልጣችሁ ከሆነ «እርስዎ» እያላችሁም ቢሆን ተናገሩ፣ «ጋሼ ይቅርታ፣ ዓይኔ ወደ በሩ ሄደብኝ» ማለት ነውር የለውም።

የካሜራ ነገር… «ምን ካሜራ ነው?» አስተያየት አይደለም። «ስልክ ቀይር» ደግሞ ከነአካቴው አይደለም።

አሁን ወደ ተቀባዩ

ሃያ ፎቶ አትላኩ። ሃያ ፎቶ የሚያይ ሰው የለም፣ መምረጥ እንዳቃታችሁ ብቻ ነው የሚታየው። አንድ፣ ቢበዛ ሦስት ላኩ። ምን ፈልጋችሁ እንደነበር አንድ መስመር ጻፉ፣ ጥያቄያችሁንም ጠባብ አድርጉት። «እንዴት ነው?» ላላችሁት «አሪፍ ነው» ቢመለስላችሁ ማንን ትወቅሳላችሁ? «ዓይናችሁ መጀመሪያ አሮጊቷ ላይ ነው ወይስ በሩ ላይ የሄደው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሉኝታ ያለበት ሰው እንኳን ይመልሳል፣ ምክንያቱም እንደዚህ ያለ ጥያቄ መመለስ ማንንም አያስቀይምም። ይሄን ዘዴ በደንብ ያዙት፣ እኛ አገር ካለው ባህል ጋር በጣም ነው የሚሄደው።

ቴሌግራም ላይ ከሆነ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት። ዝም ብላችሁ ፎቶ ብላችሁ ከላካችሁት ያሳንሰዋል ይጨምቀዋል፣ ከዛ «ሻርፕ አይደለም» ይሏችኋል፣ ጥፋቱ የቴሌግራም ሊሆን ይችላል። ፋይል ሲሆን ደግሞ ሹተሩም አይኤስኦውም አብሮ ስለሚሄድ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ያየዋል። አንድ ጥንቃቄ፣ ስልኩ ላይ ሎኬሽን በርቶ ከነበረ የቤታችሁም ቦታ አብሮ ይሄዳል፣ ልጆች ያሉበት ፎቶ ከሆነ በተለይ መጀመሪያ አጥፉት።

ከዛ አፍን መዝጋት ነው፣ ከባዱ እሱ ነው። «አይ እሱማ ቦታ ስላልነበረኝ ነው»፣ «ጥበቃው እየጮኸብኝ»፣ «በስልክ እኮ ነው ያነሳሁት»… ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ፎቶው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ አታስረዱም። ማብራሪያ ስትሰጡ ደግሞ ሰጪው «ተከፋ» ብሎ ያስብና ወደ «አሪፍ ነው»ው ይመለሳል፣ አለቀ፣ ሁለተኛ እውነቱን አይነግራችሁም። «እሺ፣ አመሰግናለሁ፣ የትኛው ጋ?» ብቻ በሉ። አንገበገባችሁ? ስልኩን ዘግታችሁ ቡና ጠጡ፣ ነገ አንብቡት። እኔ የማታ አስተያየት ጠዋት ነው የማነበው፣ ጠዋት ላይ ሁሌም ትንሽ ይለዝባል።

ሁሉን መቀበል ደግሞ የለባችሁም። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከጠቆሙ እዛ ቦታ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ የሰጡት መፍትሔ ልክ ላይሆን ይችላል፣ ቦታው ግን ልክ ነው። ሦስቱም ሦስት ነገር ካሉ አንዱን የምታምኑትን ሰው ያዙ። ሁሉንም ላስደስት ያለ ሰው መጨረሻ ላይ ሳቹሬሽኑ (የቀለሙ ድምቀት) የጮኸ፣ ዙሪያው የጨለመ፣ የማንም ያልሆነ ፎቶ ይዞ ይቀራል፣ አይቻለሁ፣ አድርጌዋለሁም።

እና ያንኑ ፎቶ ድጋሚ አንሱት። ይሄን የሚያደርግ ሰው በጣም ትንሽ ነው። ያቺው ልጅ፣ ያው በረንዳ፣ በ11 ሰዓት ተኩል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለዛው ሰው ላኩለት። ያኔ ሰጪውም ይማራል፣ አንዳንዴ ምክሩ ስህተት እንደነበረ ሁለታችሁም ታያላችሁ፣ የመጀመሪያው ይሻል ነበር ትላላችሁ።

ከስክሪን ውጪም ዕድል ካገኛችሁ አትለፉት። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለ የፎቶ ፌስቲቫል ዓይነት ዝግጅት ላይ ሥራችሁን ይዛችሁ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ የምታሳዩበት ጊዜ ይኖራል። አሥር አሥራ አምስት ፎቶ በትንሹ አሳትማችሁ ሂዱ። ወረቀት ላይ ሲሆን ሰውየው የትኛውን ቶሎ እንዳለፈው፣ የትኛው ላይ እጁ እንደቆመ ታያላችሁ። ከሚናገረው በላይ እጁን እዩ።

አስተያየት የማይሰጥበት ጊዜም አለ። መንገድ ላይ የተኛ ሰው ወይም የሚለምን ሕፃን ፎቶ ከመጣ ስለ ብርሃኑ አታውሩ፣ «ሰውየው አውቋል? ፈቅዷል?» የሚለው ይቅደም። ገንዘብ ተከፍሎበት ያለቀ የሰርግ ፎቶ ሙሽራዋ ራሷ ስትለጥፈው ደግሞ ፎከሱ ቢስትም ባይስትም እልል በሉ፣ ለአንሺው የምትሉት ካለ ለብቻው። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የአያቱን ፎቶ ልኮ ነበር፣ ምድጃ ዳር የተቀመጡ፣ ደብዛዛ፣ ግማሽ ፊታቸው የተቆረጠ። አንዱ ፈጠን ብሎ «ፍሬሙ ውስጥ አላስገባሃቸውም እኮ» አለው። ልጁ ከታች «የመጨረሻዋ ናት፣ ባለፈው ሳምንት ነው ያረፉት» ብሎ ጻፈ። ያ ሰውዬ ኮሜንቱን አጥፍቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ፣ ከዛ እኛም ተከታትለን።